የእማዋይሽ ማማሰያ

እማዋይሽ የማድ ቤቷን መብራት በወጥ ማማሰያ ስታጠፋ ወንድሟ ቂርቆስ በዓይኑ አየ። ጧት ነው፤ ገና ፊቱን እንኳ አልታጠበም። ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ጓሮው ቧንቧ ሲያልፍ ነው በተከፈተው በር ያያት። ከግድግዳው ራቅ ብላ ቆማ፣ በግራ እጇ ነጠላዋን ሰብስባ፣ በቀኟ የማማሰያዋን እጀታ ጫፉ ላይ ይዛ ማጥፊያውን ቀጭ አደረገችው። ተኝቶ የሚናከስ ውሻ የምትነካካ ነው የምትመስለው። ከዚያ ማማሰያዋን በሩ አጠገብ ከተመታ ምስማር ላይ ሰቀለቻት። ቂርቆስ ያን ምስማር ከዚህ በፊት አይቶታል፤ ለምን እንደተመታ ግን ጠይቆ አያውቅም። ሰው በእህቱ ማድ ቤት ስላለ ምስማር ምን ብሎ ይጠይቃል።

«ምን እየሠራሽ ነው፣ እታለም?»

«ምን እሠራለሁ፣ መብራት እያጠፋሁ ነዋ።»

«በማማሰያ?»

«እጄን ዘይት ነክቶት ነው» አለችና እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው።

እጇን ዘይት አልነካውም። ሁለቱም ያውቃሉ። በዚያ ቤት ዝምታ እንደ ጨው ነው፣ ከምንም ነገር ውስጥ አይጠፋም። እሷ ነቀምቴ ውስጥ የቡርቃ ጃቶ ሰፈር ሰው ሁሉ የሚያውቃት የኮንትራት ምግብ አብሳይ ናት። ከሸዋም ከጎጃምም ተመድበው የመጡ አስተማሪዎችና የመንግሥት ሠራተኞች በወር ተዋውለው ምሳና እራት እሷ ዘንድ ይበላሉ። ባሏ ከሞተ በኋላ ልጆቿን ለወግ ለማዕረግ ያበቃችው በዚያች ማድ ቤት ነው። አሮጌዋ ማድ ቤት በጢስ ጠቁራ ስታበቃ አምና ይቺን በብሎኬት አሠራች፤ መብራቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ የዘረጋላት ደግሞ ቂርቆስ ነው። ካርቱም በጦርነት ስትነድ በኩርሙክ አቋርጦ፣ በአሶሳ፣ በመንዲ፣ በጊምቢ አድርጎ ነቀምቴ ሲገባ የያዘው ነገር ቢኖር በላስቲክ የተጠቀለለ የሙያ ወረቀቱና ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ መኖሩን በመብራት የምትናገር አንድ ቴስተር ነበር። በመጣ በሳምንቱ እጁን ያሟሸው በእህቱ ማድ ቤት ነው። እና አሁን ሰው የገዛ ሥራውን በማማሰያ ሲነካበት ቢያይ ምን ይሰማዋል? የራሱ እህት፣ የገዛ ሥጋው፣ ሥራውን ፈራችው።

«አምፖሉ ብልጭ ድርግም ሲል ሰንብቶ ነበር፤ አሁን ደግሞ ገና ሳታጠፊው ጭራሹን ሞተ። ልቀይርልሽ» አለና ወደ ውስጥ አንድ እግሩን አስገባ።

እማዋይሽ ሰውነቷ ከሚፈቅደው በላይ ፈጥና በሩ ላይ ቆመች። «ተወው። ፈተናህ ያመልጥሃል። አብይ ለምሳ ሲመጣ ይቀይረዋል፤ ቁመቱ እንደሆነ ወንበርም አያሻው።» አብይ ከደንበኞቿ አንዱ ነው፤ ከደብረ ብርሃን የመጣ ረጅም የፊዚክስ አስተማሪ። ቂርቆስ አዲሱን አምፖል ከሱቅ ገዝቶ መስኮቱ ላይ አስቀመጠላትና ታጥቦ ወጣ። በልቡ ግን «ከእኔ ይልቅ አስተማሪውን አመነች» እያለ ነበር የሚሄደው።

የዚያን ዕለት ፈተና ተራ ፈተና አልነበረም። ኦቦ ቀጀላ የሚባሉ ተቋራጭ ሲሬ ላይ ለሚያሠሩት ክሊኒክ የመብራት ሠራተኛ ይፈልጋሉ። ቂርቆስ ሲሬ ውስጥ አንድ ወፍጮ ቤት ሲሠራ አይተውት እጁን ወደውታል። «የብቃት ማረጋገጫህን ይዘህ ና፤ ሰኞ ትጀምራለህ» ብለውታል። የሱዳኑ ወረቀት እንደማይሠራ ከሳቸው በፊት የነገሩት ብዙ ናቸው። አንድ ቢሮ የነበረ ትሁት ልጅ ወረቀቱን ገልብጦ ገልብጦ ካየ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ሙያዎን አልናቅንም። ግን እኛና እነሱ አንዳችን የሌላችንን የሙያ ደረጃ ለመቀበል ገና አልተፈራረምንም። ንግግር አለ ይባላል። እስከዚያ ግን እንደ ማንኛውም ሰው ይመዘኑ» ብሎት ነበር። ቂርቆስ ያን ቀን ሲወጣ በገበያው መሃል አለፈ። የሱዳን ሽቶ ተደርድሯል፣ የሱዳን ሻይ በኪሎ ይመዘናል፣ የሱዳን ነጠላ ጫማ በገመድ ተንጠልጥሏል። ይኼ ሁሉ ሲገባ ማንም የት ተማርክ ብሎ አልጠየቀውም። ነጠላ ጫማ ያለፈበትን ድንበር ሰው ሲያልፈው ሙያው ኬላው ላይ ይቀራል ማለት ነው፣ ብሎ ለራሱ ሳቀ።

መመዘኛው ያለው ከከተማው ዳር ባለ አንድ ኮሌጅ ወርክሾፕ ውስጥ ነው። የሰኔ ጭቃ በየጫማው ገብቶ ሲሚንቶው ወለል ላይ መንገድ ሠርቷል። ለተመዛኙ ሁሉ አንድ አንድ የጣውላ ሰሌዳ፣ አንድ ብሬከር፣ አንድ ማጥፊያ፣ አንድ የአምፖል መያዣ ተሰጠው፤ ጥቅል ሽቦዎች ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተዋል፤ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ቢጫና አረንጓዴ መስመር ያለው። መዛኞቹ ሁለት ናቸው። አንዷ ሌንሳ የምትባል፣ ሰማያዊ ጋውን የለበሰች፣ ንግግሯ ለስለስ ያለ መምህርት ናት። ሌላው በእጁ ሻይ የያዘ ጎልማሳ ነው፤ ሰው ሲሠራ ቆሞ ማየት ሥራው ብቻ ሳይሆን መዝናኛውም ይመስላል። ቂርቆስ ሰሌዳውን ሲያይ ልቡ ረጋ። ይኼማ ካርቱም ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሠራው ነው። በዙሪያው ያሉት ወጣቶች ጥያቄውን ደግመው ሲያነቡ እሱ ሽቦ ልጦ ጨርሷል። እጁ ሲሠራ ጦርነቱም፣ ኬላውም፣ የጧቷ ማማሰያም ከልቡ ወጡ። ሰማያዊውን ኤሌክትሪኩ የሚመጣበት የእሳት መስመር አድርጎ ከብሬከሩ አንስቶ በማጥፊያው በኩል ወደ አምፖሉ ወሰደው፤ ጥቁሩን ደግሞ ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ባዶው መስመር አድርጎ አሰረው። አለቃው የነበረ አንድ ሽማግሌ ሱዳናዊ ከሥራው የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ያስጠናው ነገር ነው፤ እሳት ያለበት ቀይ ነው፣ ቀይ ከጠፋ ቢጫ፣ ቢጫ ከጠፋ ሰማያዊ፤ ጥቁር ግን ምንጊዜም ባዶ ነው። እንግሊዞች ለሱዳን ትተውት የሄዱት ሥርዓት ነው ይሉ ነበር ሽማግሌው። ነቀምቴ ውስጥ አንድ ባለሱቅ «እዚህ እንኳ ባዶው ሰማያዊ ነው» ብሎት ያውቃል። ቂርቆስ ግን «እሱ የእናንተ ነው፤ ቴስተር እያለ ቀለም ማን ያያል» ብሎ ቀልዶበት ነበር።

ሌንሳ በሰሌዳው አጠገብ ስታልፍ ቆም አለች። ጎንበስ ብላ አየች፤ ቀና ብላ ቂርቆስን አየችው፤ ወደ ባልደረባዋ ሄደች። ሰውየው መጥቶ ከኋላ አጮልቆ አየና ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት፣ «ሱዳን፣ ሱዳን ይላል፣ ፌዝና ኑትራል፣ እሳትና ባዶ፣ አይለይም። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ አሉ» ብሎ ሻዩን ፉት አለ። በአቅራቢያው የነበሩት ወጣቶች አንገታቸውን ደፉ። የቂርቆስ ጆሮ ጋለ። ያን ያህል ዓመት የሠራበትን እጁን ከሰሌዳው ላይ አነሳ፤ ተናዶ ነው፣ ደግሞም አፍሮ ነው፣ የትኛው እንደሚበልጥ ራሱም አያውቀውም።

ሌንሳ ተመልሳ መጣች። «ኦቦ ቂርቆስ፣ ሥራዎ ንጹሕ ነው። እጥፋቱን፣ አስተሳሰሩን አይቻለሁ። ግን ሰማያዊና ጥቁሩን አቀያይረዋቸዋል። ሰዓት አለዎት፤ ፈትተው ይመልሱት።»

«አምፖሉ አይበራም?» አለ ቂርቆስ።

«ይበራል።»

«ሲያጠፉት አይጠፋም?»

«ይጠፋል። ዛሬ እርስዎ ስላሉ ልክ ነው።» ጣቷን ሰማያዊው ሽቦ ላይ አደረገች፤ ድምፅዋ ተማሪ የሚያስረዳ ሰው ድምፅ ነው፣ ቁጣም ፌዝም የለበትም። «ነገ ግን እርስዎ የሉም እንበል። ብሬከሩ ተቃጠለና እኔ ተጠራሁ። ግድግዳ ውስጥ ያደረጉትን አላይም፤ የማየው ቀለሙን ነው። ሰማያዊው ባዶ ነው ብዬ ከባዶው ጋር አስረዋለሁ፤ ጥቁሩን ከእሳቱ። አምፖሉ ያኔም ይበራል። ማጥፊያው ግን ባዶውን ይቆርጣል እንጂ እሳቱን አይቆርጥም። ቤቱ ይጨልማል፣ እሳቱ ግን እዚያው አምፖሉ መያዣ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አንድ ሰው፣ አጥፍቼዋለሁ ብሎ፣ አምፖል ሊቀይር እጁን ሲዘረጋ...»

ቂርቆስ የቀረውን አልሰማም። ባለፈው ወር መብረቅ የእማዋይሽን ብሬከር ሲያቃጥለው እሱ ሲሬ ወፍጮ ቤት ነበር። ስትደውልለት ኔትወርክ የለም። እራት የሚጠብቁ ደንበኞች ስላሉባት ሰፈር ውስጥ የመብራት ዕቃ ሱቅ ያለውን ኢቢሳን ጠርታ አሠራች። ቂርቆስ ተመልሶ ሲሰማ አኮረፈ። የእኔን ሥራ ሌላ ሰው እንዴት ይነካል ብሎ የብሬከሩን ሳጥን ከፍቶ እንኳ አላየም። ኢቢሳን መንገድ ላይ ሲያገኘው ሰላምታውን በአገጩ ነበር የሚመልሰው። ማድ ቤቱን ሲዘረጋ ደግሞ፣ አሁን ትዝ አለው፣ ቀይ ሽቦ ከከተማው ጠፍቶ ነበር። ሰማያዊ ነው ያስገባው። ሰማያዊና ጥቁር።

ማማሰያዋ ለምን እንደተሰቀለች ያኔ ገባው። እህቱን ይዟታል። አንድ ቀን አጥፍታ፣ አምፖል ነክታ፣ ኤሌክትሪክ ይዟታል፤ ለእሱም አልነገረችውም። እና ዛሬ አብይ ለምሳ መጥቶ፣ ያን ረጅም እጁን ዘርግቶ፣ ወንበርም ሳያሻው።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው አለችው። ስልኩን አወጣ፤ ጠራ፣ ጠራ፣ ማንም አላነሳም። የእማዋይሽ ስልክ እንደ ሁልጊዜው ሳሎን ውስጥ ቻርጅ ላይ ይሆናል፤ እሷ ደግሞ ማድ ቤት። እንደገና ሞከረ፤ ጭራሹን ኔትወርኩ ሄደ። ቂርቆስ ፎጣ የሚመስል የሥራ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ጣለ።

«መሄዴ ነው።»

«ኦቦ ቂርቆስ» አለች ሌንሳ ተደናግጣ፤ «ለማስተካከል እኮ ትንሽ ነገር ነው የሚቀርዎት። ከወጡ ዛሬ መግባት አይችሉም። ቀጣዩ ዙር ከክረምት በኋላ ነው።»

ቂርቆስ ሰሌዳውን አየው። ሁለት ብሎን ፈትቶ ሁለት ሽቦ ማቀያየር ነው፤ ሻይ እስኪቀዳ አይፈጅም። ሰኞ ሲሬ ሥራ መጀመር፣ ከእህቱ ጓሮ መውጣት፣ የራሱን በር ከውስጥ መቆለፍ፣ ሁሉም ያቺ ሰሌዳ ላይ ነው። ፈራ። ለራሱ አልነበረም የፈራው፤ በሕይወቱ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። «ያልሽው ነገር እቤቴ ነው ያለው» አላትና ካቻቢቴውንም ፒንሳውንም እዚያው ጥሎ ወጣ። ሻይ የያዘው ሰውዬ ከኋላው የሆነ ነገር አለ። ምን እንዳለ ቂርቆስ አልሰማውም።

ዝናቡ ጀምሮ ነበር። ያገኘው ባጃጅ ሁለት ሴትዮዎችና የጎመን ዘር ዘንቢል ጭኗል። ከሾፌሩ ጎን ግማሽ መቀመጫ ላይ ተንጠለጠለና «ደፊ፣ ኦቦሌሳ፣ ደፊ» አለው፤ ፍጠን ወንድሜ፣ ፍጠን። ሾፌሩ «ጭቃው ነው እንጂ እኔማ ምን ቸገረኝ» አለ። ከሴትዮዎቹ አንዷ «የታመመብህ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችው። ቂርቆስ ምን ብሎ ይመልስ? አዎ ቢል ውሸት ነው፣ አይ ቢል ደግሞ ክፉ ነገር መጥራት መሰለው። «ቤት ነው» አለ ብቻ። ሴትዮዋ ከንፈሯን መጠጠችና እነሱ የሚወርዱበት ቦታ ሲደርሱ ሾፌሩን በኦሮምኛ አልፈህ ሂድ፣ እሱን አድርሰን እንመለሳለን አለችው። ያቺ ሴትዮ ማን እንደሆነች ቂርቆስ እስከ ዛሬ አያውቅም፤ ስሟን ሳይጠይቅ መውረዱ ግን ይቆጨዋል።

የግቢውን በር ገፍቶ ሲገባ መጀመሪያ ያየው ከማድ ቤቱ በር ውጪ የተቀመጠውን ወንበር ነው። ለአምፖሉ የወጣ መስሎት ወደዚያው ሮጠ። ከዚያ ከበረንዳው የሰው ድምፅ ሰማ። አብይ በረንዳው ላይ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ተቀምጦ ምስር ወጡን እየበላ ነው፤ አዲሱ አምፖል ከነካርቶኑ አጠገቡ ጠረጴዛው ላይ አለ። «መጣህልን» አለ አብይ፤ «ኧረ ከእህትህ አስታርቀን። አምፖል ልቀይር ብላት በማማሰያ አባረረችኝ። እኔ እኮ ማጥፊያውን አጥፍቼዋለሁ። ስንት ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ ሰው በምስር ማማሰያ ይመታል?» ባልደረቦቹ ሳቁ። ቂርቆስም መሳቅ ሞከረ፤ ፊቱ እንቢ አለው። የአብይን ትከሻ ያዝ አድርጎ፣ አጥብቆ ያዝ አድርጎ፣ አለፈ። አብይ ጉርሻውን እንደያዘ በዓይኑ ተከተለው።

እማዋይሽ ማድ ቤቱ በር ላይ ነበረች። ማማሰያዋ በእጇ ናት። ከኋላዋ ማድ ቤቱ ጨለማ ነው፤ የምሳውን ወጥ ሁሉ በበሩ ብርሃን ብቻ ነው የሠራችው። ወንድሟ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ዝናብ፣ እቃውን ሳይዝ ሲመጣ አይታ ከበሩ ፈቀቅ አለችለት።

ቂርቆስ ማጥፊያው መጥፋቱን አረጋገጠ። ወንበሩን አስገብቶ ወጣና የሞተውን አምፖል በደረቅ ጨርቅ ጠቅልሎ በጥንቃቄ ፈታው። ከደረት ኪሱ የማይለየውን ቴስተር አውጥቶ ወደ መያዣው ሰደደው። ጨለማው ውስጥ የቴስተሯ ቀይ መብራት ቦግ አለች። እህትና ወንድም ሁለቱም አዩዋት። ከካርቱም ያወጣት ቴስተር ናት፤ ዋሽታው አታውቅም።

ወረደና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «መቼ ነው የያዘሽ?»

«ኢቢሳ ሠርቶ በሄደ በሳምንቱ» አለች። «አምፖሉ ጥቀርሻ ይዞ ልወለውለው ብዬ። አጥፍቼው ነበር እኮ። እዚያ ጥግ ወረወረኝ። ክንዴ ሁለት ቀን እንደ ሌላ ሰው ክንድ ነበር፣ የእኔ አይመስልም ነበር።»

«እና ለእኔ አትነግሪኝም? እታለም፣ ብትሞቺስ? ያ ልጅ ቢሞትስ?»

«ማንም እንዳይነካ ስጠብቅ ነው የከረምኩት። ማታ ማታ ሳይቀር በሩን የምቆልፈው ለሌባ መሰለህ?» ማማሰያዋን በሁለት እጇ ያዘቻት። በረንዳው ላይ ያሉት እንዳይሰሙ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ያን ሁሉ ጊዜ በሆዷ የያዘችውን አወጣችው። «ምን ልበልህ ወንድምዓለም? ቤትህን ጥለህ መጣህ። ገንዘብህን ጥለህ መጣህ። ወረቀትህን ይኸው ማንም አላይልህ አለ። የቀረህ ሙያህ ብቻ ነበር። እሱንም እኔ፣ እህትህ፣ አይሠራም ልበልህ?»

ጧት ሥራዬን ፈራችው ብሎ ያዘነባት እህቱ ለካ ያን ሥራ ነበር ስትጠብቅለት የኖረችው፤ የገዛ ነፍሷን አስይዛ። ቂርቆስ አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ፤ ካርቱምን ጥሎ ሲወጣ ያላለቀሰውን ጭምር። እማዋይሽ አላባበለችውም። ማማሰያዋን በብብቷ ይዛ፣ ጎኑ ቆማ፣ ወጡ እንዳያርርባት በሌላ እጇ ድስቱን ከእሳቱ ላይ ገፋ አደረገችው።

ዝናቡ ሲያባራ ዋናውን ብሬከር አወረደና ኢቢሳ ሱቅ ሄደ። ኢቢሳ ሲያየው ከመቀመጫው ተነስቶ ጠበቀው፤ ሊጣላኝ መጣ ብሎ ነው። «አካም ኦልተ» አለ ቂርቆስ፣ እንዴት ዋልክ፤ ከወር ወዲህ በአፉ ሰላም ሲለው የመጀመሪያው ነው። «የእህቴን ሳጥን ስትሠራ ሰማያዊውን የት አሰርከው?»

«ከባዶው ጋር ነዋ» አለ ኢቢሳ። «ምን፣ አጠፋሁ?»

«አላጠፋህም። እዚህ አገር ሰማያዊ ባዶ ነው። እኔ እዚያ እሳት ብዬ ነው ያስገባሁት። ሠርተህ ስትሄድ ሳጥኑን ከፍቼ አይቼ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሁሉ አይመጣም ነበር። አኮረፍኩብህ።»

ኢቢሳ ወሬውን እስኪጨርስ አልጠበቀም። ፊቱ ተለዋወጠ፤ «አዴ እማዋይሽን ያዛት?» አለ። ደህና መሆኗን ሲሰማ ቁጭ አለ፣ ከዚያ ተነሳ፣ ከመደርደሪያው ሽቦ የሚጠቀለልበትን ሰማያዊና ጥቁር ናስትሮ አንስቶ ኪሱ ከተተ። ሱቁን ዘግቶ አብረው ወጡ። ሳጥኑን ሁለቱ ሆነው ከፈቱት። እሳቱ ወደ ማጥፊያው እንዲመለስ አቀያየሩት፤ ከዚያ ቂርቆስ የሰማያዊውን ጫፎች ሁሉ በጥቁር፣ የጥቁሩን ጫፎች ሁሉ በሰማያዊ ናስትሮ እየጠቀለለ፣ ኢቢሳ ከጎኑ ባትሪ እያበራለት፣ ነገ ማንም ከፍቶ ቢያይ እንዳይሳሳት አደረጉት። «ሌላ ቦታስ?» አለ ኢቢሳ። ቂርቆስ ከመጣ ወዲህ የሠራቸውን ቤቶች አንድ በአንድ አሰበ። ከቀበሌው ማዶ የአዴ ዘርፈሽ ቤት አለ። አንገር ጉቲን ያሉት ዘመዶቹ ቤት አለ። የሲሬው ወፍጮ ቤት አለ። «ሁሉም ጋ እሄዳለሁ» አለ። «ሁሉም ጋ እንሄዳለን» አለ ኢቢሳ፤ «ከነዚህ ውስጥ እኔ የነካካሁት ይኖራል።»

ኔትወርክ ሲመለስ ኦቦ ቀጀላ ጋ ደወለ። ማረጋገጫውን እንዳላገኘ፣ ከክረምት በኋላ እንደሚመዘን ነገራቸው፤ ለምን እንደሆነ አላብራራም። ኦቦ ቀጀላ ጥሩ ሰው ናቸው፤ ግን ክሊኒኩ ክረምት አይጠብቅም። «እንግዲህ ሌላ ሰው አስገባለሁ፤ እግዜር ያውቃል፣ ሌላ ሥራ አይጠፋም» አሉት። ቂርቆስ ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ፣ ብሎ ዘጋው። አዘነ፤ ማዘኑን አልደበቀም። ወረቀቱ በሁለቱ አገር መካከል ያለ ነገር ነው፣ ሲፈራረሙ ይፈራረማሉ። ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ግን ፊርማ አይጠብቅም።

ማታ ደንበኞቹ ለራት ሲሰበሰቡ ማድ ቤቱ ገና ጨለማ ነበር። ቂርቆስ አዲሱን አምፖል ከማስገባቱ በፊት ዋናውን ብሬከር መለሰ፣ ማጥፊያውን አጠፋ፣ ቴስተሩን ወደ መያዣው ሰደደ። ምንም አልበራም። ኢቢሳም በተራው ሰዶ አየ፤ ጨለማ ነው። ከዚያ ቂርቆስ እህቱን ጠርቶ አጠገቡ አቆማትና ባዶ ጣቱን መያዣው ውስጥ አስገባ። እማዋይሽ «ቂርቆስ» ብላ ክንዱን ያዘች። ጣቱን እዚያው አቆየው፣ እሷ ክንዱን እንደያዘች፣ ትንፋሿ እስኪመለስ።

አምፖሉን አስገብቶ ወረደ። «በይ፣ አብሪው» አላት።

እማዋይሽ ወደ ግድግዳው ሄደች። እጇ በልማድ ወደ ምስማሩ ተነሳ። ማማሰያዋን አወረደቻት። ቂርቆስ አየ፤ እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ቀን አይለቅም አለ በልቡ። እሷ ግን ማማሰያዋን እንደያዘች ጥቂት ቆመች። ከዚያ በሌላ እጇ፣ በባዶ እጇ፣ ማጥፊያውን ተጫነችው። ማድ ቤቱ በራ። ማማሰያዋን ባልዲው ውስጥ አጠበቻት፣ አራገፈቻት፣ ወደ ምድጃው ዞረችና ወጡ ውስጥ ከተተቻት።